ለአባዬ ያየሁለት ሰማይ

ጎተራ ኮንዶሚኒየም መብራት ሲጠፋ ልጄ ስልኳን ታበራለች እንጂ ሻማ አትፈልግም፤ አልፎ አልፎ ግን ከታችኛው ፎቅ አንድ ሰው ሻማውን እፍ ይለውና ያ የክር ጭስ ሽታ በመስኮት ሲገባ የያዝኩትን ትቼ ቁጭ እላለሁ። ሽታው ካዛንቺስ ወደነበረው ግቢያችን ይወስደኛል፣ አሥር ዓመት ወደሞላኝና አባዬ ገና በመጠኑ ያይ ወደነበረበት ዓመት።

አባዬ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነበር። ስቱዲዮ አልነበረውም፤ የነበሩት አንዲት ጥቁር የፊልም ካሜራና ሁለት ሌንሶች ነበሩ። አንደኛው ለሙሽሮቹ ፊት ነበር፣ ሁለተኛው ደግሞ አጭር ሆኖ ሰፊ የሚያይ፣ ዘመድ አዝማዱ ተደርድሮ ሲቆም የሚገጥመው ነበር። ጥር ሲገባ ቅዳሜና እሁድ ቤት አናገኘውም ነበር፤ አምሽቶ ይመጣና ከኮቱ ኪስ በሶፍት የተጠቀለለ የሰርግ ኬክ አውጥቶ ትራሴ አጠገብ ያስቀምጥልኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ግን የአንዲት ሙሽራ ወንድም አልበም ይዞ ቤታችን መጣ። ተቀምጦ፣ ገልጦ፣ ድምፁን ሳያነሳ አሳየው። በሦስቱም የቤተሰብ ፎቶዎች ላይ የሙሽራዋ እናት ትከሻ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ፊቷ ተቆርጦ ከውጭ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ እናቴ የት ሄደች?» አለ።

አባዬ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ መረመረው። «አላየኋትም» አለ በመጨረሻ።

ሰውየው ይህን እንደ ማመካኛ ቆጥሮት አኩርፎ ሄደ፤ እማዬ ግን ስታርመው የነበረውን የፈተና ወረቀት አስቀምጣ ቀና አለች። አስተማሪ ናት፤ የሚያመካኝ ሰው ድምፅ ታውቃለች፣ ያ ድምፅ እንዳልሆነም ገብቷት ነበር።

ጾሙ ገብቶ ሰርግ ሲቆም ለምና፣ ተቆጥታ፣ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። የዓይን ግፊት ነው አሏቸው፤ እይታው ከዳር ከዳር መጥበብ ከጀመረ ዓመታት አልፎታል፣ የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። በቀን ብርሃን ፊት ለፊት ያለውን ጋዜጣ ያነብ ነበር፣ ሲመሽ ግን ሁልጊዜ በር ላይ የሚቀመጠውን ባልዲ ይረግጥ ነበር። ከፋሲካ በኋላ የተያዙትን ሰርጎች ለባልደረባው አስተላለፈና ካሜራዋን በፎጣ ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ አወጣት።

ክረምቱ አላልፍ አለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አባዬ ሬዲዮ ከፍቶ ሳያዳምጥ ይቀመጥ ነበር፣ እማዬም ያልቆሸሸውን ዕቃ ደጋግማ ታጥብ ነበር። መስከረም ሊጠባ ሲል አንድ ማታ ዝናቡ አባርቶ መብራት ጠፋ፤ ደጅ ወጥቼ ባየሁት ተደንቄ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

«አባዬ፣ ና እይ፣ የዛሬው ኮከብ ብዛቱ!»

ወጥቶ አጠገቤ ቆመና አንጋጠጠ። «የት ጋ?» አለኝ።

ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ስለነበር ጥያቄው ግራ ገባኝ፤ ከዚያ አንዱንም እንደማያይ ገባኝ። እሱ ግን እጄን ይዞ፣ ተረጋግቶ፣ «እስቲ ንገሪኝ» አለ። የቻልኩትን ያህል ነገርኩት፤ ሦስት ኮከቦች በተርታ፣ አንዱ ቀላ ያለ፣ ሌሎቹ እንደ ፈሰሰ ጨው። በማግስቱ ካሜራዋን አውርዶ ሲወለውል አገኘሁት። «ሃያ ዓመት ሙሽራ ሳነሳ ቀና ብዬ ሰማይ አላየሁም» አለኝ። «ፎቶ ከሆነልኝ ግን በቀን፣ በብርሃን አየዋለሁ።»

ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጠራ፣ መብራቱም በየሳምንቱ ይጠፋ ነበር። ካሜራዋን በባለሦስት እግር መቆሚያዋ ግቢው መሐል እናቆምና እኔ ዱካ ላይ ወጥቼ በመመልከቻዋ እያየሁ ዳር ዳሩን እነግረው ነበር፤ በግራ የሽንት ቤቱ ጣሪያ፣ በቀኝ የጥዱ ዛፍ ጫፍ። የሰርጉን ሰፊ ሌንስ የገጠምኩት ታጋሽ ስለሆነ ነው ይለኝ ነበር፤ በሌላኛው ሌንስ የኮከቦቹ መሄድ ቶሎ መስመር ሆኖ ይታወቃል፣ በዚህ ግን ሃያ ሰከንድ ቢከፈትም ነጥብ ሆነው ይቆያሉ።

የመጀመሪያውን ፊልም የሚያጥበው ሰው «ባዶ ነው ጋሼ» ብሎ ሊመልሰው ነበር። አባዬ አሳተመው። በሁሉም ላይ ብርቱካንማ ብርሃን ተንጣሎ ኮከቦቹን ውጧቸዋል፤ የየበሩ ሻማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መብራት ቢጠፋም በሁለት ሻማ የሚሰፋው የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው የጋሽ ከድር መስኮት። አባዬ ፎቶዎቹን መልሶ ፖስታው ውስጥ ከተተና «በቃ፣ ይቅር» አለ። ሰው ማስቸገር አይወድም ነበር።

በሚቀጥለው ማታ መብራት ሲጠፋ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። እኔ ተከተልኳት። በግቢው ያሉትን የዘጠኙንም ቤት በር አንኳክታ፣ እንደ ተማሪ እየተሽኮረመመች፣ «ለሃያ ሰከንድ ብቻ» እያለች ለመነች። ጋሽ ከድር ቬሎ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ነበር።

«ለነገ ጠዋት ነው የሚፈለገው፣ የኔ እመቤት» አላት።

«አውቃለሁ ጋሽ ከድር። ሊታወርብኝ ነው።»

ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሽ ከድር መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ሁለቱንም ሻማ እፍ አለ። ሌሎቹም ተከተሉ፣ ግቢው በጭስ ሽታ ተሞላ። አባዬ በቀጭን ሽቦ ከካሜራዋ ጋር የተያያዘውን መጫኛ ተጭኖ ያዘ፣ እኔ ቆጠርኩ። ሃያ ስል ጋሽ ከድር ከጨለማው ውስጥ «አለቀ?» አለ።

«አንድ ልድገም?» አለ አባዬ።

«አሥርም ድገም፤ እኔም ወጥቼ እያየሁ ነው።»

ፎቶው የታተመ ቀን አባዬ ደረጃው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። በአንድ ጊዜ የሚታየው ትንሽ ቦታ ብቻ ስለነበር ወረቀቱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር እንደሚያነብ ሰው ቀስ አድርጎ አሳለፈው። ታችኛው ጠርዝ ሲደርስ እንደገና ከላይ ጀመረ። «ይሄ ሁሉ እላያችን ላይ ነበር?» አለ። ያን ቀን ምሳውን ጨርሶ በላ፣ ሬዲዮውንም ማዳመጥ ጀመረ፤ ከወራት በኋላ ሁለት ወጣቶችን ፎቶ ማንሳት ያስተምር ነበር።

አባዬ አሁን ምንም አያይም፤ ከእኔ ጋር ይኖራል፣ ደህና ነው። ግቢያችን ፈርሷል፣ ጎረቤቶቹም በየአቅጣጫው ሄደዋል። ከስምንተኛ ፎቅ በረንዳዬ ላይ ስልኬን ወደ ሰማይ ባዞር የሚነሳልኝ ሦስት አራት ኮከብ ነው፤ ሌላውን የከተማው መብራት ይሸፍነዋል። በመብራቱ አላማርርም፤ ልጄ እንደ እማዬ በሻማ ብርሃን ወረቀት ላይ ዓይኗን አትጨርስም። እዚህ ፎቅ ላይ ስድስት ዓመት ኖሬ በስም የማውቀው ግን ሁለት ጎረቤት ነው፣ እማዬ ያን ማታ ያንኳኳችውን ያህል በርም አንኳኩቼ አላውቅም። እንደሷ «ለሃያ ሰከንድ ብቻ» ብዬ ባንኳኳ እምቢ የሚለኝ ያለ አይመስለኝም፤ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።