በአምስት ድምፅ የገባሁት ውርርድ

ካዛንቺስ ያለችውን ሰርቪስ ቤቴን ለአንድ የሙዚቃ ተማሪ አከራየሁ። ከማግስቱ ጀምሮ ኦርጋኑን ነጭ ጥቁር ሳይለይ በተራ ይነካካል፤ ሰካራም መሰላል ሲወጣ በሉት።

«ዘፈኑ ጠፋብህ እንዴ?» አልኩት።

«ክሮማቲክ እኮ ነው እማማ! አሥራ ሁለቱም ድምፅ አንድ ሳይዘለል ይነካል።»

«ወግድ! የእኛ ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፤ ስንት ሙሽራ የሸኘሁበት ጉሮሮ ነው ይሄ! አሁን እዘፍንልሃለሁ። ከአምስቱ ካለፍኩ እንዳሻህ ደብድብ፤ ካላለፍኩ ኦርጋንህን ትዘጋለህ።»

ዓይኔን ጨፍኜ ለቀቅኩት። እሱም ድምፄን በጣቱ እየተከተለ ይጫናል። ስጨርስ ነጠላዬን አስተካክዬ «እህሳ?» አልኩት።

«እማማ፣ ከአሥራ ሁለቱ አንድም አልቀረዎትም!»