ያልገባው በሬ

ልጅ ሳለሁ እያንዳንዱ ከበሮ ውስጥ አንድ በሬ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ብለው ያሳመኑኝ አባባ የምንላቸው አያቴ ናቸው። አባባ ከበሮ ሠሪ ነበሩ፤ ለሠርግም ይሠራሉ፣ ለቤተ ክርስቲያንም ይሠራሉ። ቤታችን ላፍቶ፣ ያኔ ገና ፎቅ ሳይበዛበት፣ ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቀው መንገድ ዳር ነበር። ከአጥራችን ማዶ የኦቦ ቶላ ማሳ ነበር፤ አባባ ቆዳ የሚገዙት ከእሳቸው ስለሆነ በሬዎቹን ከነስማቸውና ከነአመላቸው እናውቃቸው ነበር።

አባባ ቁመታቸው አጭር ነው፣ ቁጣቸው ግን ከአጥር በላይ ይሰማል። ደግነቱ ቶሎ ይበርድላቸዋል። ተቆጥተው የወጡበትን በር እንኳ ሳይዘጉ «እሙዬ፣ በልተሻል ግን?» ብለው ይመለሳሉ። እኔንና ታናሽ ወንድሜን ናቲን ያሳደጉን እሳቸውና እናታችን ናቸው፤ አባታችን የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነበር።

ከበሮ የሚወጠረው አመሻሽ ላይ ነው። «ፀሐይ ቆዳውን ታቻኩለዋለች» ይሉ ነበር አባባ። ፀጉሩ ተፍቆ፣ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያደረው ቆዳ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሲለሰልስ፣ በተቦረቦረው የዋንዛ ግንድ ሁለት አፎች ላይ ያለብሱትና ከበሮውን ጉልበታቸው መሀል ያቆሙታል። ከዚያ ጠፍሩ ይመጣል። ጠፍር ያው ቀጭን የቆዳ ገመድ ነው፤ ከሰፊው አፍ ወደ ጠባቡ፣ ከጠባቡ ወደ ሰፊው እየተመላለሰ ቆዳውን ይወጥረዋል። ይህ ሁሉ መሆን ያለበት ታዲያ ቆዳው እርጥብ ሳለ ነው። ከደረቀ በኋላ ቢስቡት ቢስቡት አይታዘዝም፤ ድምፁም ታፍኖ ይቀራል።

የሚሠሩባት የጓሮ ክፍል ሽታዋ ያኔ የእርጥብ ቆዳና የከሰል ነበር። ናቲ ምድጃው ላይ በቆሎ ይጠብሳል፤ መብራት ሲጠፋ፣ እሱ ደግሞ መጥፋት ልማዱ ነው፣ ኩራዙ ይለኮስና የአባባ ጥላ ግድግዳው ላይ ከራሳቸው ከአባባ በላይ ይገዝፋል። እኛ ከፊት ለፊታቸው፣ ቢቆጡ እጃቸው ሊደርስብን በሚችልበት ርቀት፣ በርጩማ ላይ ተኮልኩለን እንጠብቃለን። የምንጠብቀው ከበሮውን አልነበረም፤ ተረቱን ነበር።

አባባ ያለ ተረት ጠፍር ስበው አያውቁም። በሌላው ቤት ተረት የሚጀመርበት መንገድ ሌላ ነው፤ እኛ ቤት ግን አባባ የመጀመሪያውን ጠፍር እጃቸው ላይ ይጠመጥሙና ድንገት «በሬው መጣ!» ይላሉ። እኛ ደግሞ በአንድ ድምፅ «ይግባ!» እንላለን። ድምፃችን ከላላ አይጀምሩም። «ይሄማ ለዶሮ ነው! ለበሬ በሩን ከፈት አድርጉት እንጂ!» ይሉና እንደገና ያስጮሁናል። ጎረቤት እስኪሰማ «ይግባ!» ስንል ያን ጊዜ ጠፍሩ ይሳባል፣ ተረቱም ይጀምራል። ሁለቱ እኩል ነው የሚሄዱት፤ ተረቱ ሲጣደፍ እጃቸውም ይጣደፋል፣ ተረቱ ሲያዝን እጃቸውም ይከብዳል። የመጨረሻዋ ቋጠሮ ስትታሰር ተረቱም ያልቃል። «ገባ። ዘግተንበታል» ይሉና ከበሮውን ደባበስ ያደርጉታል።

አንድ ቀን፣ «አባባ፣ ያለ ተረት ቢወጠር ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንቺ ሳይጠሩሽ ሰው ቤት ትገቢያለሽ?»

«አልገባም።»

«በሬውም ባለጌ አይደለም» አሉኝ።

ተረቱ ምንጊዜም የዚያው የበሬው ታሪክ ነበር፤ የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንደተጠመደ፣ ምን እንደሚያስፈራው። የትኛው እውነት፣ የትኛው የአባባ ፈጠራ እንደሆነ አናውቅም፤ ደግሞም ማን ጠይቆ! ከሁሉም የማልረሳው የጉራቻን ነው። ጉራቻ የኦቦ ቶላ ጥቁር በሬ ነበር። በአባባ ተረት ውስጥ ወንድሙ ቦራ ወደ ገበያ ተነድቶ ሲቀርበት፣ ጉራቻ ሳር አልበላም አለ። አንድ ጠዋት ቀንበሩን ጥሎ አስፋልት ላይ ወጣና ታክሲ ጠበቀ። ረዳቱ «መካኒሳ! መካኒሳ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ጉራቻ «እኔ እኮ ሰው አይደለሁም» ቢለው፣ ረዳቱ «ችግር የለም አባቴ፣ ግባ! ጠጋ ጠጋ በሉለት!» አለው። እዚህ ጋ ናቲ ሁልጊዜ በሳቅ ከበርጩማው ይወድቃል። ጉራቻ መካኒሳ ወርዶ ገበያውን ሁሉ ቢያስስ ወንድሙ የለም። ተስፋ ቆርጦ ሊመለስ ሲል ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ወንድሙ ሲጣራ ሰማ። ቦራ ከበሮ ሆኗል። ጉራቻም በሩ ላይ ቁጭ ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ፣ አሉ አባባ፣ ለማኅሌት ሁለት ከበሮ ይወጣል፤ አንዱ ሲጣራ አንዱ ይመልስለታል። «መላሽ ያጣ ለታ ከበሮ ምን አለው? እንጨትና ቆዳ ነው» ብለው ጠፍሩን ጠበቅ አደረጉት።

እያደግን ስንሄድ የኦቦ ቶላ ማሳ ላይ ፎቅ ተሠራ። በሬዎቹ ተሸጡ፣ ኦቦ ቶላም መንገዱ ዳር ሱቅ ከፈቱ። አባባ ቆዳ ከነጋዴ መግዛት ጀመሩ። «የማን አገር በሬ እንደሆነ ማን ያውቅለታል!» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ተረት ግን አጥተውለት አያውቁም። እሳቸውን እየከዳቸው የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ግን እሳቸውም አላወቁትም፣ እኛም አላወቅነውም።

መጀመሪያ ሬዲዮው መጮህ ጀመረ። ቀጥሎ፣ ድሮ ቆዳውን በጣታቸው አንኳኩተው የላላው የት ጋ እንደሆነ በጆሯቸው ይለዩ የነበሩት ሰው፣ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ይለጥፉበት ጀመር። «ጨው ያበዙበታል፤ የዘንድሮ ቆዳ ድምፅ የለውም» ይላሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ምን ይላል፣ እሙዬ?» ይሉኛል። እኔም ጮክ ብዬ «ይጣራል!» እላለሁ፤ አፌን እያዩ ደስ ይላቸዋል። እናቴ «አባባ፣ ጆሮዎን ሐኪም ይየው እንጂ» ስትላቸው፣ «ጆሮዬ ምን ሆነ? አንቺው ነሽ እንጂ ድምፅሽን ያሳነስሽው!» ብለው ይቆጡ ነበር።

እንዲህ ሆነው ሳሉ ነው የሰፈራችን ደብር መሪጌታ ቤታችን የመጡት። የደብሩ ትልቁ ከበሮ ተቀዶ፣ በዓለ ንግሡም ተቃርቦ ነበር። አባባ ለስንት ሩቅ ደብር ሲሠሩ ኖረው፣ እሑድ እሑድ ለሚያስቀድሱበት ለራሳቸው ደብር ግን ሠርተው አያውቁም ነበር፤ የነበረው ከበሮ የጥንት ነው፣ አይለወጥም እየተባለ። መሪጌታ ከወጡ በኋላ አባባ ደጁ ላይ ቆመው ቀሩ። «ከእንግዲህ ብሞትም በየንግሡ እዚያ ውስጥ አለሁ ማለት ነው!» አሉ። ሰው ስለ ሞቱ ሲያወራ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼ አላውቅም።

የሚወጠርበት ቀን ለሠርግ የሚለብሱትን ሸሚዝ ለበሱ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ኩራዙ በርቷል፤ ምድጃው ውስጥ ፍሙ ቀልቷል። ቆዳው ተለበሰ፣ ከበሮው ጉልበታቸው መሀል ቆመ። ጠፍሩን እጃቸው ላይ ጠመጠሙ።

«በሬው መጣ!»

«ይግባ!» አልን።

አባባ ጠበቁ። እኛም የመጀመሪያዋን ስበት ጠበቅን።

«በሬው መጣ እኮ!»

«ይግባ!»

«ኧረ ይሄ ለዶሮም አይሆን!» አሉ እየሳቁ። «በሩን ከፈት አድርጉት!»

ሳንባችን እስኪፈነዳ ጮህን። ናቲ ቆሞ ጮኸ። ደጅ ውሻው ደንግጦ መጮህ ጀመረ። የአባባ ሳቅ ግን ቀስ እያለ ከፊታቸው ጠፋ።

«ምን አደረግኋችሁ? ተረቴ ሰለቻችሁ? የጎረቤት ቴሌቪዥን በለጠ?»

«ኧረ አባባ! ብለናል! ይግባ ብለናል!» አልኩ።

እናቴ ጩኸታችንን ሰምታ እጇን እየጠረገች ከማጀት መጣች። «ብለዋል እኮ፣ አባባ! እኔ ማጀት ሆኜ ሰምቻቸዋለሁ!» አለች።

እሷንም አልሰሟትም፤ በእጇ ወደ እኛ ስታመለክት ብቻ አዩ። «አንቺ ደግሞ ሸፍኚላቸው!» አሏት።

ጠፍሩን ያዙ፣ ይሳቡ እያልን በእጃችን ለመንናቸው። ቆዳው እየደረቀ ነበር፤ ጠርዙ ነጣ ማለት ሲጀምር አየሁት። እሳቸውም አይተውታል። እጃቸው ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልተጠራ በሬ አስገብተው የማያውቁ ሰው፣ ለራሳቸው ደብር ሲሆን እንዴት አድርገው ይጀምሩ? ከዚህ በላይ ምን ብዬ ልጩህ? አንድ ክንድ ርቀት ላይ የተቀመጡት አያቴ ጋ መድረስ አቃተኝና አለቀስኩ።

ማልቀሴን ሲያዩ አባባ ኩራዙን አነሱ። መጀመሪያ ወደ እኔ ፊት አስጠጉት፣ ቀጥለው ወደ ናቲ። ናቲ አሁንም «ይግባ! ይግባ!» እያለ ነው፤ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። አባባ አፉን አዩት። የአንገቱን ሥር አዩት። ኩራዙን ቀስ ብለው ቦታው መለሱት።

«ኧኸ» አሉ። «ለካ እንደዚህ ነው?»

እናቴ ራሷን ነቀነቀችላቸው።

«በሉ ግቡ፣ ልጆቼ። ራታችሁን ብሉ» አሉን ዝቅ ባለ ድምፅ።

ራት እየበላን የጠፍሩን ሲጥ ሲጥ ማለት ከጓሮ እንሰማ ነበር። አባባ ዝም ብለው ነበር የሚስቡት። ናቲ ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ እናቴን ያያታል፤ እናቴ ደግሞ ትሪውን ታያለች።

ከበሮው ከደረቀ በኋላ መሪጌታ መጥተው በመዳፋቸው መቱት። የወጣው ድምፅ ሰው በር ሲያንኳኳ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ዱብ አለ፣ በቃ። መሪጌታ አዛኝ ሰው ነበሩ፣ ፊታቸውን አላጠቆሩም። «ግሩም ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴም ነቀነቀች። አባባ ሁለቱንም ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ይላል፣ እሙዬ?»

ቃሌን አይሰሙም። የቀረኝ ራሴን መነቅነቅ ነው፤ ያ ደግሞ ወይ አዎ ነው ወይ አይ ነው፣ መሀል የለውም። አዎ ብል ውሸት ነው። አይ ልበል ብልስ በምን አንጀቴ? ደርቄ ቆምኩ። አባባ ፊቴን ትንሽ አዩና ከበሮውን ከመሪጌታ እጅ ቀስ ብለው ወሰዱት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መሪጌታ» አሉ። «አልገባም። ከሌላ ሰው ያሠሩ።»

ከዚያ ወዲያ አባባ ከበሮ አልሠሩም፣ ተረትም አላወሩም። እናቴ እየለመነች ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ ዕድሜ ነው ተብለው ተመለሱ። ጽፈን እንዳናሳያቸው ፊደል አልቆጠሩም። ናቲ አንድ አመሻሽ በርጩማውን ይዞ ፊታቸው ተቀመጠና ጠፍር እንደሚስብ በእጁ እያሳየ ‹ተረት› አላቸው። አባባ ፀጉሩን ደባበሱት። «ብቻዬን አልጣራም፣ ልጄ» አሉት። ደጅ ቁጭ ብለው አላፊ አግዳሚውን ያዩ ነበር፤ እኛም አጠገባቸው እንቀመጥ ነበር። እንዲሁ እንደተቀመጡ ክረምቱ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ።

ዛሬ የምኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የላፍቶው ቤታችን ሲፈርስ ናቲ የአባባን በርጩማ ወሰደ፣ እኔ ያን ከበሮ። ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። እንግዳ ሁሉ መታ ያደርገውና «ድምፅ የለውም እንዴ?» ይለኛል። «የለውም» እላለሁ። ስለ እሱ ማውራት አልወድም ነበር።

በቀደም ዕለት መብራት ጠፋና ታች ያለው ሱቅ ጀነሬተሩን አስነሳ። ያ ጀነሬተር ከተነሳ እኛ ብሎክ ሰው ከሰው አይደማመጥም። እኔ አቧራውን ልወለውል ብዬ ከበሮውን ጉልበቴ መሀል አቁሜዋለሁ። ልጄ ሶልያና ፊት ለፊቴ መጥታ አፏን ከፈተች፤ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፣ አልሰማኋትም። ደግማ ጠየቀችኝ። «ምን?» አልኳት፤ የራሴም ድምፅ አልተሰማኝም። ሶልያና ትዕግሥት የሚባል የላትም፣ በዚህ በቅድመ አያቷ ወጥታለች። እጇን ሰነዘረችና የከበሮውን እንጨት በመዳፏ መታችው።

ድምፁን አልሰማሁም። ጉልበቴ ግን ሰማው። ከጉልበቴ ተነስቶ ደረቴ ድረስ መጣ፤ ሰው እንደጠራኝ ቀና አልኩ።

የጠየቀችኝ ራት ምን እንደሆነ ነበር። አልመለስኩላትም፤ ከበሮውን አቅፌ ተቀምጬ ቀረሁ። አባባም ያን ምሽት ልክ እንደዚሁ ጉልበታቸው መሀል አድርገውት ነበር የጠበቁን። እኛ ፊታቸው ተቀምጠን ጉሮሯችን እስኪደማ እንጮሃለን፤ እንጨቱ እጃችን ሥር ነው። አንዳችን እጃችንን ዘርግተን አንዴ መታ ብናደርገው ኖሮ፣ በሬው ይገባ ነበር።