ጨው ቀማሹ ጴጥሮስ

ጴጥሮስ የሆሳዕና ሰው ነው። አባቱ ከብቶቻቸውን ጨዋማ ምንጭ ሲያጠጡ አብሮ እየቀመሰ ስላደገ፣ የውሃ ጨው በምላሱ ይለያል። ይህ ሙያ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በ1988 ዓ.ም. ግን ኦጋዴን ውስጥ የጋዝ ጉድጓድ የሚሞክር አንድ ኩባንያ የቫልቭ ሠራተኛ አድርጎ ቀጠረው።

ጋዙ ያለው በተሰነጣጠቀ ዐለት ውስጥ ነው፤ ከሥሩ ጨዋማ ውሃ ተኝቷል። ቫልቩ በሰፊው ከተከፈተ ውሃው በስንጥቁ ሽቅብ ይሮጥና ጋዙን እዚያው ዐለቱ ውስጥ ይዘጋበታል። ከጋዙ ጋር ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይወጣል። ጨው ከሌለው ከጋዙ ጋር የወጣ እንፋሎት ቀዝቅዞ ነው፤ ችግር የለውም። ጨው ካለው ከሥር የመጣ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ጴጥሮስ በየጠዋቱ በጣቱ ጫፍ ይቀምስና መዝገቡ ላይ «ጨው የለም» ብሎ ይጽፋል።

አንድ ጠዋት «ጨው አለ» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን እንግዶች ይመጡ ነበር። ኢንጂነር ተገኘ የሚባለው አለቃው፣ ለሙከራ የሚቃጠለው ጋዝ ነበልባል ከሩቅ እንዲታይ ቫልቩ እስከ መጨረሻው ይከፈት ብሎ አዘዘ። ጴጥሮስ ይብሱን ቀነሰው። ነበልባሉ ከጉልበት አላለፈም። እንግዶቹ ጀርባቸውን ሰጥተውት ፎቶ ተነሡ። በማግሥቱ ጴጥሮስ ተባረረ።

ፍራሹን ተሸክሞ ሆሳዕና ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ተናኜ እንሰት ትፍቅ ነበር።

«ፈቃድ ነው?»

«አይደለም። ውሃው ጨው ሆነ።»

«ውሃው ጨው ቢሆን አንተን ምን አገባህ?»

«በረቱን ወለል አድርገሽ ብትከፍቺው ፍየሎቹ ተሽቀዳድመው በሩን ይሞሉታል። ላሞቹ ውስጥ ይቀራሉ። ላሞቹ ጋዙ ናቸው።»

«አንተስ?»

«በረኛው።»

«የተባረረው?»

«እሱ ራሱ።»

ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ አውቶቡስ በገባ ቁጥር መናኸሪያ ይወርዳል። ስለ ሥራው አንድ ቀን አንሥቶ አያውቅም፤ ከኦጋዴን የመጣ ሰው ሲያገኝ የሚጠይቀው ጉድጓዷ በሕይወት መኖሯን ብቻ ነው። የመናኸሪያው ደላሎች «የጉድጓዱ አባት» ይሉታል።

በተባረረ በአምስተኛው ወር አብሮት ይሠራ የነበረው ኤፍሬም ለፈቃድ ወደ ዶዮገና ሲያልፍ ከአውቶቡሱ ወረደ።

«ጋሼ ጴጥሮስ፣ አንተ እንደሄድክ ቫልቩን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። በዘጠነኛው ቀን ውሃ ብቻ ተፋ፤ እሳቱም ጠፋ። ሁለት ወር ዘግተን ካቆየነው በኋላ በጥቂቱ ስንከፍተው የወጣው ውሃ ይኸው።» ከቦርሳው የታሸገ ጠርሙስ አወጣ። «ኢንጂነሩ ቅመስልኝ ብሎሃል።»

«ላቦራቶሪውስ?»

«ሦስት ሳምንት።»

ጴጥሮስ ጣቱን በሸሚዙ ጠርጎ ነከረና ቀመሰ። ደላሎቹ ከበው አፍ አፉን ያያሉ። ደግሞ ቀመሰ።

«ጨዉ ለቀቅ አድርጓታል። ግን ገና ነው። ከዚህ በላይ እንዳትከፍቷት በለው። በየቀኑም ይቀመስ።»

«ማን ይቀምሰዋል?»

«ምላስ ያለው።»

ማታ ተናኜ ጎመንና ቆጮ አቀረበች።

«ጠሩህ?»

«አልጠሩኝም።»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል?»

«ጉድጓዷ አልሞተችም።»

የጎመኑ ጨው በዝቶ ነበር። ጴጥሮስ ሁሉንም ጠርጎ በላ።