የሐጃ በቱል ነጭ ቶብ

እናቴ ሙኒያ መርፌ ከማንሳቷ በፊት ለሐጃ በቱል ዱዓ ታደርጋለች። ከወሎ ካርቱም መጥታ፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር እሳቸው ቤት ስትሠራ ነው እኔን ያሳደገችኝ።

ቁራጭ ጨርቅ መጣል አይሆንላትም። የሱዳን ሴቶች የሚለብሱት ረጅሙ ቶብ ሲያረጅባቸው፣ ያልሳሳውን ቆርጣ በእጇ እየገጣጠመች የአልጋ ልብስ ትሰፋለች። ሥራዋን ድሪቶ ያለ ሰው ግን ወዮለት! «ድሪቶ እናትህ ትልበስ!» ብላ ታባርረዋለች።

ኢትዮጵያ ሚሌኒየሙን ባከበረችበት ዓመት የሐጃ የልጅ ልጅ ሰማሕ ልታገባ ሆነ። እናቴ የአልጋ ልብስ ስጦታ ልትሰፋላት ተነሳች። ሐጃ ከሰጧት አሮጌ ልብሶች ውስጥ ንጹሕ ነጭ ቶብ አገኘችና መሐሉን በሱ አደረገችው። እኛ ወሎዬዎቹ ዘንድ ነጭ የዒድ ልብስ ነው።

የሠርጉ ሳምንት፣ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ስትዘረጋው፣ አንዲት ጎረቤት፣ «አንቺ ሙኒያ! ይሄ እኮ ሐጃ ባላቸው ሲሞቱ ለብሰው ሐዘን የተቀመጡበት ነጭ ቶብ ነው። ለሙሽራ ይሰጣል?» አለቻት።

እናቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ልታጥፈው ስትል ሐጃ እጇን ያዟት። ነጩን ጨርቅ በመዳፋቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት።

«ተዪው» አሉ። «የሰማሕን ሠርግ ሳያይ ነው የሞተብኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው አንቺ ወደ ሠርጉ አመጣሽልኝ።»