እስክንደርስ ዝም

ከመተማ የወጣን ማታ እናቴ አላቀፈችኝም። የጓሮውን በር ይዛ «ሂዱ እንግዲህ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብታቅፈኝ እንደማልሄድላት ታውቃለች። ተሰደው የሚጽፉ ሰዎች «እያለቀስን ወጣን» ይላሉ፤ እኔ አላለቀስኩም። ተናድጄ ነበር። አሁንም ተናድጄ ነው የምጽፍላችሁ፤ ቁጣዬ የሚከብደው ሰው ካለ ከዚህ ላይ ይተወው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ጀማል ትራክተር ነጂ ነው። በመንግሥት እርሻው ላይ ሰሊጥና ማሽላ ሲያርስ የኖረ፣ ከሞተር በቀር ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ሰው። አንድ ቀን በቀበሌ ስብሰባ ላይ ለዘመቻ ስሙ ተነበበ። ያነበበው ሊቀመንበር ጠዋት ጠዋት እናቴ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣው ሰውዬ ነው። ሻይዋን የጠጣበት አፉ ሳይደርቅ «የአብዮቱ ጥሪ ነው» አለ። የራሱ ወንድሞች ስም ሲነበብ ግን አልሰማንም። እኔ ጎንደር ተልኬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ ይህንኑ ልጠይቀው እጄን ሳነሳ እናቴ ከኋላ ቀሚሴን ጎትታ አስቀመጠችኝ።

«ዋጪው! ልጆች አሉሽ።»

ዋጥኩት። እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ነው።

መተማን ለማታውቁ፣ ገላባት ማለት ከድልድዩ ማዶ ነው። የሱዳኖቹ አዛን እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። በሰላሙ ጊዜ ሽንኩርት ስናጣ ተሻግረን ገዝተን የምንመለስበት ሰፈር ነው። ያን ማታ ግን በድልድዩ አይሆንም ተባለና በታች በኩል፣ በማሽላው ውስጥ ዞረን ሄድን። ትንሿ ልጄ ሐያት ገና ጡት ላይ ነበረች፤ የእሷ አፍ ተይዟል። ያስፈራን ወንድሟ ሰሚር ነው። ሰሚር አምስት ዓመቱ ነው፤ ዝም ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ማሽላው ሲያሽት አባቴ ማማው ላይ ይዘውት ይወጡና ወፍ ያስጠብቁታል። ወንጭፉን እያዞረ «ሃይ! ሃያ!» ሲል ከጎጃም ለአጨዳ የወረዱት የቀን ሠራተኞች «ይህ ልጅ ቆላውን በሙሉ ይጠብቃል እኮ!» እያሉ ይስቁ ነበር።

የሚያሻግረን መንገድ መሪ ማሽላው ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ የሰሚርን ትከሻ ያዘ።

«ስማኝ ጎበዝ። እስክንደርስ ዝም። አንዲት ቃል ካወጣህ አባትህን ይወስዱታል። ገባህ?»

ሰሚር በአንገቱ አዎ አለ።

«አንተ! ለልጅ እንዲህ ይባላል?» አልኩት።

«አንቺም ዝም» አለኝ።

የወታደሮቹ ባትሪ በማሽላው ራስ ላይ ሲመላለስ መሬት ለመሬት ተኛን። ሰሚር አጠገቤ ነበር። ትንፋሹን እንኳ አልሰማሁትም።

ገላባት ስንገባ ደረስን ብዬ ነበር። «እዚህም ጆሮ አለ፤ ገና ናችሁ» አሉን። ገዳሪፍ ገባን፤ «ሰው እያፈሱ ይመልሳሉ፤ ገና ናችሁ» አሉን። ፖርት ሱዳን ላይ ደግሞ «መርከቡ ሳይነሳ ደረስን አይባልም።» በየሄድንበት «ገና ናችሁ» የሚል ሰው አናጣም፤ ለዚሁ ሥራ የተቀጠሩ ይመስል።

መርከቡ የሚሄደው ኢንዶኔዥያ ነው፤ ለምን ኢንዶኔዥያ ትሉኛላችሁ። እኔም ጀማልን እንዲሁ ብዬዋለሁ፣ በጩኸት። የጀማል አያት ከዓረብ አገር፣ ከሐድረሞት የመጡ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። እሳቸው በሱዳን በኩል ወደ እኛ ሲወጡ ወንድሞቻቸው በመርከብ ወደ ጃቫ ሄዱ። አሁን አጎቱ ሱራባያ በምትባል ከተማ ጋራዥ አላቸው፤ «ሞተር የሚያውቅ ዘመድ እፈልጋለሁ፣ ና» ብለው ወረቀቱን ጨረሱልን። የአገሬ ሰው ካርቱም ላይ ተሰልፎ አሜሪካን ሲጠብቅ፣ እኔ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስሟን ብቻ የሰማኋት ደሴት ላይ ሁለት ልጆች ይዤ ወረድኩ።

ሰሚር አሁንም ዝም ብሏል። ገዳሪፍ ላይ ደክሞት ነው አልን። ፖርት ሱዳን ላይ ፈርቶ ነው አልን። መርከቡ ላይ ባሕሩ አሞት ነው አልን። ሱራባያ ስንወርድ የምንለው አለቀብን። ይበላል፣ ይጫወታል፣ ሲጠሩት ይመጣል። ቃል የለም። ማታ ማታ ጆሮዬን አፉ ላይ ደግኜ እተኛለሁ፣ በሕልሙ እንኳ ቢያወራ ብዬ።

አጎትዬው ከከተማዋ ጠርዝ፣ የሩዝ ማሳ የሚጀምርበት ሰፈር ቤት ሰጡን። ሙቀትን ለመተማ ሰው ማን ያስተምረዋል? የእኛ ሙቀት ግን ደረቅ ነው፤ ልብስ አስጥተሽ ፊትሽን ሳታዞሪ ይደርቃል። የዚህኛው እርጥብ ነው። ልብሱ ገመድ ላይ እያለ ይሻግታል፤ ሰውም እንደዚያው። ሩዝ ለቁርስ፣ ሩዝ ለምሳ፣ ሩዝ ለራት። ቴምፔ የሚሉት የሻገተ አኩሪ አተር አለ፤ ሲጠበስ ይበላል፣ አልዋሽም። በርበሬያቸው ግን ስኳር አለበት። በርበሬ ውስጥ ስኳር! ወይካ፣ ያ የደረቀ ባሚያ ወጣችን፣ አማረኝ፤ ባሚያው ገበያውን ሞልቶት ሳለ አድርቆ የሚያስፈጭ ፀሐይ የለም።

ሻንጣዬን አልፈታሁም። ልብሳችንን ከዚያው እያወጣሁ፣ አጥቤ እዚያው እመልሳለሁ። ጀማል መደርደሪያ ሠራልኝ፤ ባዶውን ቆመ።

«እስከ መቼ ነው ሻንጣ የምትጠብቂው?» ይለኛል።

«ይህ ማደሪያ ነው። ገና አልደረስንም» እለዋለሁ።

«ከዚህ ወዲያ የት ነው የሚደረሰው ታዲያ?»

«ወደ ቤቴ!» ብዬ እጮህበታለሁ። ሰሚር ከወለሉ ላይ ቀና ብሎ ያየኛል።

በገባን ሰሞን የሰፈሩ ሹም መጣ። ፓክ ኤርቴ ነው የሚሉት፤ ፓክ አባት ማለት ነው፣ ኤርቴ የእነሱ የሰፈር አስተዳደር። ማን መጣ፣ ማን አደረ፣ ማን ከማን ጋር ተቀመጠ፣ ሁሉም ለእሱ «ላፖር» መደረግ አለበት። ላፖር ማለት ማሳወቅ ነው። ዘመድ ቢያድርብሽ ላፖር፣ ብትሄጂ ላፖር። በየሳምንቱ ሰፈሩ በግድ ወጥቶ ቦይ ይጠርጋል፤ በፈቃደኝነት ነው ይሉታል፣ እንደ አገራችን። ማታ ወንዶቹ በተራ ቀርቀሃ እየመቱ ሰፈር ይጠብቃሉ፤ ስሙን ሮንዳ ይሉታል። ጀማል ተራው ደርሶ ሲጠራ ሳቁ እንባ እስኪሆን ሳቀ። «የቀበሌው ሮንድ ነው እኮ! ስሙን እንኳ አልቀየሩትም!» እኔ አልሳቅኩም። በማሽላ ውስጥ በደረቴ የተሳብኩት ከቀበሌ ወጥቼ ቀበሌ ልገባ ኖሯል?

መጀመሪያ በመጣ ቀን ፓክ ኤርቴ ልጆቹን ሊመዘግብ ተቀመጠ። ጀማል ከአጎቱ በለቃቀማት ቋንቋ ያስተረጉማል፤ ማለቴ ከእኔ አፍ የወጣውን እሾህ እየነቀለ ያቀብለዋል።

«የልጁ ስም?»

«ሰሚር።»

«ራሱ ይንገረኝ።»

«አይናገርም» አልኩ።

«የእኛን ቋንቋ አይችልም ማለት ነው?»

«ምንም አይናገርም።»

ፈገግ አለ፤ እዚህ ሰው ሲቆጣም ፈገግ ነው፣ ሲያዝንም ፈገግ ነው። «ቢሱ» አለና ጻፈ። ቢሱ ዲዳ ማለት መሆኑን የነገረችኝ ጎረቤቴ ቡ ያቲ ናት፣ አፏንና ጆሮዋን በእጇ እያሳየች። የዚያን ቀን ሩዙን አሳረርኩት።

ይህ ሰውዬ ዋኖስ የመሰለች ወፍ አለችው። ፐርኩቱት ይሏታል። ጠዋት ጠዋት ከነጎጆዋ በገመድ ስቦ ረጅም ቀርቀሃ ጫፍ ላይ ይሰቅላታል፤ ትልልቅ ሰዎች ከሥር ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፅዋን ይሰማሉ። «ዛሬ ጥሩ ድምፅ አላት» ይባባላሉ። እኔ ወፍ ጠላት ከሆነበት አገር ነው የመጣሁ። ባንድ ከሰዓት የዓመት ማሽላ ስትጨርስ አይቻለሁ። ወፍ በጎጆ አስቀምጦ፣ መግቦ፣ እንድትጮኽለት የሚለምን ሰው ሳይ መስኮቴን እዘጋለሁ። ለወፍ ድምፅ እንዲህ የሚሞቱ ሰዎች ልጄን ዲዳ ብለው ጽፈው አለፉ።

ሰሚር ግን ሩዙ ሲያፈራ ማሳው ዳር ቆሞ መዋል አመጣ። ገበሬዎቹ ገመድ ላይ ቆርቆሮ እያንጠለጠሉ ወፍ ያባርራሉ። እሱ ቆሞ ያያል፤ እጁ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ባዶ እጁን ያዞራል። ገባኝ። ከሩዝ ጆንያ ክር መዝዤ፣ አባቴ እንደሚያደርጉት ገመድኩና ወንጭፍ ሠራሁለት።

አንድ ከሰዓት ጉድጓዱ አጠገብ ልብስ እያጠብኩ ነው። ድምፅ ሰማሁ።

«ሃይ! ሃያ! ሃይ!»

ጆሮዬ መስሎኝ ነበር። ከመተማ ወዲህ ማን እንዲህ ይጮኻል? የእጄን ልብስ ጥዬ ሮጥኩ። ሰሚር የሮንዳው መጠበቂያ ላይ ወጥቷል። ያች መጠበቂያ አራት እንጨት ላይ የቆመች፣ ሣር የለበሰች፣ ቁርጥ የአባቴን ማማ ናት! ወንጭፉን በራሱ ላይ ያዞራል። የሩዙ ወፍ ተነስቶ ሰማዩን አልብሶታል። ከሁሉ ወፍ ደግሞ ሲያባርሯት የማትሄድ አንዲት ደፋር አለች፣ ቀርቀሃ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማሳውን ቁልቁል የምታይ። የመተማ ልጅ እንዲህ ያለችዋን ነው አስቀድሞ የሚመታት። የወንጭፉን ጭቃ ለቀቀው። ጎጆዋ ተሰበረች፤ ፐርኩቱቷ ወጥታ፣ አንዴ ዞራ፣ ከሌሎቹ ጋር ሄደች።

ከመጠበቂያው አውርጄ አቀፍኩት። ሰፈሩ ወጥቶ ከበበን። ፓክ ኤርቴ ፈገግ እያለ መጣ፤ ጀማልም ከጋራዥ ዘይት በዘይት ሆኖ ደረሰ።

«ወፏ ሄዳለች» አለ ፓክ ኤርቴ።

«በእኛ አገር ወፍ ያባረረ ልጅ ይመረቃል በለው» አልኩት ጀማልን።

«ባለቤቴ በጣም አዝናለች» ብሎ አስተረጎመ።

«የወፏስ ይቅር» አለ ሰውዬው። «ልጁ ዲዳ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ዛሬ ግን ሰፈሩ በሙሉ ሲጮኽ ሰምቶታል። የሐሰት ላፖር ነው ያደረጋችሁት?»

ይህችን ራሴ በቋንቋቸው መለስኩ። «የጻፉት እርስዎ ነዎት። አሁን ምን ይሁንልዎ? ተመልሶ ዲዳ ይሁን?»

«አይደለም። ግን ድምፅ ሲያወጣ ማሳወቅ ነበረባችሁ።»

«መቼ? ጩኸቱን ከመሃል ቆርጦ፣ ወርዶ፣ እርስዎ ዘንድ መጥቶ?»

ቡ ያቲ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ቤቷ ሮጠች። ሳቋ ከውስጥ ተሰማ።

ቤት ገብተን በሩን ዘጋሁ። ተንበርክኬ ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። «የኔ ሆድ፣ በል እስቲ። አንድ ነገር በለኝ።» በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ። ከዚያ አፉን ጆሮዬ ላይ አድርጎ፣ በሹክሹክታ፦

«እማ፣ ደረስን?»

ያን ሁሉ አገር፣ ያን ሁሉ ባሕር፣ የዚያን ከንቱ ሰውዬ ትእዛዝ ይዞ ነው የመጣው። አባቱን እንዳይወስዱበት ሲጠብቅ ኖሯል። ዕድሜ ልኬን የማላገኘውን መንገድ መሪ ባገኘው ምን እንደማደርገው እዚህ አልጽፍም፤ ሊቀመንበሩንም፣ ያን ሊቀመንበር ያደረገውንም።

«ደርሰናል! ደርሰናል አባቴ፣ ተናገር!» አለው ጀማል።

ሰሚር አላመነውም። የሚያየው እኔን ነው። አባቱን ሳይሆን እኔን። «ገና አልደረስንም» ስል የሚሰማው ከእኔ አፍ ነዋ። እኔ ደግሞ ቃሏ አልወጣም አለችኝ። ካልኳት አለቀ፤ ይህ እርጥብ አገር፣ ይህ የበርበሬ ስኳር፣ ይህ ፈገግታ ቤቴ ሊሆን ነው። «ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት። አፉ ተመልሶ ተዘጋ። ማግሥቱንም አልነገርኩትም።

በዚያው ሰሞን እናቴ በሰሊጥ ጫኞች በኩል ደብዳቤ ላከችልን። ገዳሪፍ እሻገራለሁ፣ አንድ ነጋዴ ሱቅ ስልክ አለ፣ በዕለተ ጁምዓ ደውሉ ብላ። አጎትዬው ጋራዥ ሄደን ደወልን። ኦፕሬተሩ እየቆረጠ እየቀጠለ በመጨረሻ ድምፅዋ መጣ፣ ከባሕር ሥር እንደሚመጣ።

«ዘሃራ! አንቺ ነሽ? ጮክ በይ ልጄ!»

«እኔ ነኝ እማዬ! አባዬስ?»

«ደህና ናቸው። ማማው ላይ ናቸው። ለብቻቸው ይጮኻሉ።» ቀጠለችና፣ «የት ናችሁ? ደረሳችሁ ወይ?» አለችኝ።

ሰሚር ቀሚሴን ይዞ ቆሟል። ቀና ብሎ የሚያየው ዓይኔን አይደለም፣ አፌን ነው። እንዴት እንደጠላኋት ያችን ቃል! ከሻንጣዬ ጋር አልጋ ሥር ሸጉጫት ነበር እኮ።

«ደርሰናል፣ እማዬ» አልኩ።

እናቴ ያን ማታ እንዳደረገችው ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች አወቅሁ። ቆይታ ግን «እሰይ» አለች። «እሰይ ልጄ። ሰሚሬን ስጪኝ።»

ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

«እማማ? እኔ ነኝ። እማማ፣ አልተናገርኩም! ማሽላው ውስጥ እሾህ ወጋኝ፣ አልተናገርኩም። ወታደሩ መጣ፣ አልተናገርኩም። መርከቡ ላይ ዓሣ አየሁ፣ ትልቅ፣ ለማንም አልነገርኩም። እማማ፣ እዚህ ወፍ ያስራሉ...»

እኔ የጋራዡን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ጀማል ሊይዘኝ ሲል ገፈተርኩት። ኦፕሬተሩ በአረብኛ አንድ ነገር አለ፣ ከዚያ የመስመሩ ጩኸት መጣ፣ ከዚያ ምንም። ሰሚር ግን አላቆመም። ስለ ወንጭፉ፣ ስለ ቡ ያቲ ድመት፣ ስለ ሐያት ጥርስ፣ ለዚያ ባዶ ስልክ ያወራል።

መስመሩ እንደተቆረጠ አልነገርኩትም።