ልጄ በክርስትና ስሟ የተማረችው ኮርስ

ነገሩ የሆነው አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት በየቀበሌው በነበረበት ጊዜ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው በቅናት የተቃጠልኩበት ወራት ስለ ሆነ ነው።

ልጄ ማስተዋል ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒዩተር ሳይንስ ታጠና ነበር። ታማ ስለ ነበር አንድ ኮርስ አመለጣት፤ የኔትወርክ ደኅንነት ይሉታል። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ ምረቃዋ በዓመት ሊዘገይ ሆነ። መምህሯ ግን ያንኑ ትምህርት በኢንተርኔት ተምራ ፈተናውን ካለፈች እንደሚያዝላት ነገራት።

ክረምቱን ከጎረቤቴ ከይታይሽ ልጅ ከይበልጣል ጋር ኢንተርኔት ቤት እየሄዱ ተማሩ። እሱም በሌላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሳይንስ ያጠናል፤ ያው ኮርስ ቀርቶበት ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በዝናብ ይሮጡ ነበር።

ለኢንተርኔቱ ትምህርት ስትመዘገብ «በክርስትና ስምሽ ይሁን» ያልኳት እኔ ነኝ። ቄሱ በጸሎት እንዲያስቧት የምሰጠው ስም ወለተ ሥላሴ ነው፤ ፈተናውም በዚያው ስም ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው። እሷም እሺ አለች።

ሁለቱም አለፉ። የይበልጣል ወዲያው ተያዘለት። የልጄን ግን የዩኒቨርሲቲዋ ሰዎች «ወለተ ሥላሴ የምትባል ተማሪ የለችንም፤ የእኛ ተማሪ ማስተዋል ናት» ብለው መለሱት።

በዚያው ሰሞን ማኅበራችን ነበር። ይታይሽ የልጇን ነገር አወራች፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ዳቦዬን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። ሳቋ አስጠላኝ። ነጠላዋ ሳይቀር አስጠላኝ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ «ለእሷ ልጅ ሰጥተህ የእኔዋን ለምን ነሣሃት?» እል ነበር። በሚቀጥለው ወር ከማኅበሩ ቀረሁ። ድምጿን ደጅ ስሰማ ጓዳ እገባለሁ።

ኋላ ላይ ዩኒቨርሲቲው ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከተጠመቀችበት ቤተ ክርስቲያን እንድታመጣ ነገራት። ማንኩሳ አጠገብ ወዳለው የትውልድ ደብራችን ሄድኩ። ያጠመቋት ቄስ ዐርፈዋል። የደብሩ አስተዳዳሪ «አንቺ እናት ነሽ፤ ለልጅሽ ታደያለሽ። የክርስትና እናቷ ቀርባ ትመስክር» አሉኝ።

የክርስትና እናቷ ይታይሽ ናት።

ስመለስ ደጇ ላይ ቆምኩ። ጌሾ ታሰጣለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አለሽ እንዴ? እኔ እኮ አገር የለቀቅሽ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

የመጣሁበትን ነገርኳት። እጇን አራገፈችና «ቀንተሽ ነው አይደል የጠፋሽብኝ?» አለች።

ልዋሽ አሰብኩ። አልሆነልኝም። «አዎ» አልኳት።

ሳቀች። «እኔስ! ትምህርት ቤት ሳሉ ያንቺዋ ከክፍሏ አንደኛ፣ የእኔው ሃያኛ ሲወጡ አንጀቴ በርበሬ እንደ ነሰነሱበት ሲቃጠል ከረመ። አንቺ አላየሽኝም እንጂ! በይ ነገ በጠዋት እንሂድ፤ የክርስትና ልጄ ናት።»

በማግሥቱ ሄድን። ከአስፋልቱ እስከ ደብሩ ያለውን ጭቃ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተጓዘች። አስተዳዳሪው «ማስተዋልና ወለተ ሥላሴ አንድ መሆናቸውን በምን ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«አባ፣ ይባርኩኝ፤ ከቄሱ እጅ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። አዲስ ቀሚሴ ላይ ሸንታብኛለች። ይህን እንዴት እረሳዋለሁ?» አለች።

አባ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ደብዳቤውንም አጻፉልን።

ኮርሱ ተያዘላት። ማስተዋል ከጓደኞቿ ጋር ተመረቀች። እግዚአብሔር ይመስገን።

ይበልጣል ግን ቀድሟት ቡሬ ሥራ ያዘ። ይታይሽ ልትነግረኝ ስትመጣ ያው ነገር ደረቴ ላይ ተነሣ። «ደግሞ ቀናሁ» አልኳት።

«ቅኚ፤ ጓዳ ገብተሽ ግን አይደለም። እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠሽ ቅኚ» አለችኝ።

ቅናቱ ዛሬም ጨርሶ አልተወኝም። በጸሎቴ ግን ከልጄ ስም ቀጥዬ የይበልጣልን እጠራለሁ። አንዳንድ ቀን ከልቤ ነው፤ አንዳንድ ቀን እየታገልኩ ነው። ለይታይሽ ዕድሜ ይስጥልኝ።