ከካርቱኑ ኋላ ያለው ዜና

ልጄ ታብሌቷ ላይ ካርቱኗን ስታቆመው ድመቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ልጅ ሳለሁ በስደት የኖርንበት፣ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር የነበረው የድሮው አፓርትመንታችን ትዝ አለኝ።

ያኔ ካርቱኑና ዜናው አንድ ቻናል ይጋሩ ነበር፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ካርቱኑ መሃል ላይ ተቆርጦ ዜናው ይገባል። አገር ቤት ጦርነት ተነስቶ አጎቴ ግንባር ነበር። እናቱ፣ ማለትም አያቴ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አጠገቤ ይጠብቃሉ። እንግሊዝኛውን የምተረጉምላቸው እኔ ነኝ።

“ቶሎ በይና ጨርሺው እንጂ” አሉኝ አንድ ቀን፤ ካርቱኑ እኔ ሲበቃኝ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። “የዜናው ሰዎች ከኋላው ቆመው እየጠበቁ ነው።”

“እሺ እማማ” አልኩና ካርቱኑ እንዳያልቅ በልቤ ጸለይኩ። ካርቱኑ እስካለ ድረስ አጎቴ አልሞተም።

“ማሚ፣ ፕሌይ ላድርገው?” አለች ልጄ።

“ቆይ” አልኳት። “እንዲሁ ይቆይ።”